ስኳር፣ ጾምና የማለዳ እርምጃ፦ ቀድሞ ማንም ያልነገረኝ

ይህን የምጽፈው ስኳር ተገኝቶባችሁ «ምግብ ቀንሱ፣ ስፖርት ሥሩ» ተብላችሁ ወደ ቤት ለተላካችሁ ነው። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ክኒኑ፣ ምግቡና እንቅስቃሴው አንድ ላይ ነው የሚታሰቡት። አንዱን ስትነኩ ሌሎቹም ይነካሉ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በሁዳዴ የደረሰብኝ አይደርስብኝም ነበር። የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ያየሁትን፣ ያነበብኩትንና ባለሙያዎች ያስረዱኝን ነው የማካፍላችሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ። ጠዋት እስከ መገናኛ በታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ፤ ማታም እንደዚያው። ቤት ስደርስ ጨልሟል። ድካሙን፣ የውሃ ጥሙን፣ ሌሊት ሽንት ቤት መመላለሱን ሁሉ በኑሮ አመካኝ ነበር። በጥቅምት ለጉንፋን ጤና ጣቢያ ስሄድ ጣቴን ወግተው ለኩኝና በማግሥቱ በባዶ ሆድ እንድመጣ ተነገረኝ። 212 ሆነ። ለማታውቁት፦ በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። 126ና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከተገኘ ስኳር አለ ይባላል። የእኔ ሲደገምም ያው ነበር።

ሜትፎርሚን ተጀመረልኝ። ቆየት ብሎ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ሌላ ክኒን ተጨመረ። የሁለቱን ስም ያዙልኝ፤ ልዩነታቸው በኋላ ይመጣል።

ሰፈራችን ለእርምጃ የሚመች ነው። ከብሎኮቹ ወጣ ሲባል ሜዳ አለ፣ አቀበት አለ። ከጣፎ ወደ ለገዳዲና ሰንዳፋ በሚወስደው መስመር ጎህ ሲቀድ አትሌቶች ይሮጣሉ። እነሱን እያየ ማን ይቀመጣል? እኔም ተነሣሁና ከመጀመሪያው ቀን አቀበቱን በሩጫ ተያያዝኩት። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል፤ ለዓመታት ተቀምጦ ለኖረ ልብና ሳንባ ግን አቀበት አቀበት ነው። ወንድሜ ከድሬዳዋ መጥቶ አብሮኝ የወጣ ቀን ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከቆላ የመጣ ዘመድ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታጣድፉት።

በዚያ ቀን ማታ ደህና ነበርኩ። በማግሥቱ ጭኔን ያዘኝ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ የደረጃውን ብረት በሁለት እጄ ይዤ፣ በጎኔ እየወረድኩ ነው ታክሲ የደረስኩት። «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብሽ ነው፣ ሮጠሽ አውጪው» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እንደዚያ አይደለም። ላክቲክ አሲድ ካረፍን በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከጡንቻ ይጠራል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ የሚያሠቃየው፣ ያልለመደ ጡንቻ ላይ የደረሰው ጥቃቅን ጉዳትና ጥገናው ነው። ቁልቁለት ደግሞ ከአቀበት ይብሳል፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም። ስለዚህ እንዲህ ሲሆን አትደንግጡ። ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ያፍታታል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ያው መንገድ ያን ያህል አያምም። ስለታም የሆነ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ እብጠት፣ ወይም እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት ካያችሁ ግን ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ቶሎ ወደ ሐኪም።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ተከራይታ የምትኖር ሯጭ ልጅ አለች። ደረጃው ላይ ስንከራተት አየችኝ።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

ነገርኳት።

«እኛ እንኳ በየቀኑ እንደዚያ አንሮጥም እኮ! ከባድ ቀን አለ፣ ቀላል ቀን አለ። የሚበዛው ቀላሉ ነው። በቀላሉ ቀን እየተጫወትን ነው የምንሮጠው።»

ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ምክር ይህ ነው። ሰው የሚያቋርጠው ስለሚሰንፍ አይመስለኝም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን ስለሚጎዳ ነው። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልኩ እሱ ነው። መዝፈንም ከቻላችሁ ፈጠን በሉ። ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴና በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። 150 ደቂቃ ሲባል ያስፈራል፤ ሲከፋፈል ግን በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። የዚያን ግማሽ ሰዓት ከፊሉን ደግሞ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ በመውረድ ማግኘት ይቻላል።

ስኳር መለኪያ ገዝቼ ነበር። አንድ ቀን አቀበቱን ሮጬ እንደተመለስኩ ለካሁ፤ ከመውጣቴ በፊት ከነበረው በልጦ አገኘሁት። ያን ዕለት አልቅሻለሁ። ይህን ሁሉ ለፍቼ እንዴት ይጨምራል? ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይለኛ ሩጫ ሰውነትን እንደ አደጋ ያስደነግጠዋል። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፤ ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ለጊዜው ነው፤ ይወርዳል። ጠዋት ምንም ሳትበሉ ስኳራችሁ ከማታው በልጦ ስታገኙትም ዋናው ሰበብ ያው ጉበት ነው፤ ሊነጋጋ ሲል ሰውነትን ለመቀስቀስ ስኳር ይለቃል። «ሌሊት ተነሥተሽ በልተሽ ነው» እየተባላችሁ ከቤተሰብ ጋር የምትጨቃጨቁ ካላችሁ ይህን አንብቡላቸው።

ዝግ ባለው እርምጃ ግን ስኳሬ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊንን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ሆርሞን) ሳይጠብቅ ስኳር ከደም ይወስዳል። ጡንቻን እንደ ጎተራ አስቡት። ስትንቀሳቀሱ ጎተራው ይጎድላል፤ ቀጥሎ የምትበሉት መግቢያ ያገኛል። ተቀምጦ የሚውል ሰው ጎተራው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ስኳሩ መግቢያ አጥቶ ደም ውስጥ ይቀራል። የአንድ ቀን እርምጃ ጥቅሙ ለአንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ይጠፋል። ስኳር ያለበት ሰው ከሁለት ቀን በላይ በተከታታይ አያቋርጥ የሚባለውም ለዚህ ነው። እሑድን ጠብቆ ሦስት ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ከሁሉ ደግሞ ከምግብ በኋላ ያለችው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ እርምጃ ትልቅ ጉልበት አላት። እኔ ምሳ በልቼ የቢሮውን ግቢ እዞራለሁ። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ይገርማቸው ነበር፤ አሁን የሚከተሉኝ አሉ።

በዚህ መሐል ቡና ላይ ስንቀመጥ የጎረቤቶቼ ጥያቄ በዛ። ሁሉም የሚጠይቀው ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ ልመልሰው።

«ላብ ካላላበኝ ምን ዋጋ አለው?» ላብ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው፤ የቀለጠ ስብ አይደለም። ሆድን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ የሚያስቀንሰው ውሃ ነው፤ ስትጠጡ ይመለሳል፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ደግሞ ያደክማል፣ አደጋም አለው። ስብ ሲቃጠል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለወጣል፤ አብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው። «ቦርጭ ብቻ ለማጥፋት ምን ልሥራ?» ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ስቡ ከየት እንደሚቀንስ የሚወስነው ግን ሰውነት ራሱ ነው። «ሎሚ በሙቅ ውሃስ?» ሎሚ ስብ አያቃጥልም። በስኳር ሻይ ፈንታ ከጠጣችሁት ግን የስኳሩ መቅረት ይጠቅማል። «ማር ግን ተፈጥሯዊ አይደል?» ነው፤ ግን ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። «ጤፍ ስኳር አይጨምርም አይደል?» ይህ እኔው ራሴ አምንበት የነበረ ነገር ስለሆነ ጥያቄው ልቤን ነክቶታል። ጤፍ ደግ እህል ነው፤ ብረትና አሰር (ፋይበር) አለው፤ ስንዴ ለማይስማማው ሰውም ይሆናል። ቢሆንም እህል ነው። ሁለት እንጀራ ሁለት እንጀራ ነው።

አሁን ወደ ሁዳዴው ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሱ ስል ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። ስኳር ከተገኘብኝ በኋላ የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ምግብ ቀነሰ፣ እርምጃውም አለ፣ ስኳሬ ሊስተካከል ነው አልኩ። ክኒኖቼንም ሳላዛንፍ ጠዋት ጠዋት በጉንጭ ውሃ እወስድ ነበር። መድኃኒት እንዳታቋርጪ ተብያለኋ! በጾም ጊዜ ምን ላድርግ ብዬ አልጠየቅኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

መጋቢት ውስጥ አንድ ዓርብ ማለዳ ወደ ጣፎ በእግሬ ወጣሁ። ክኒን ወስጃለሁ፣ ሆዴ ባዶ ነው። መመለሻው ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፀሐይ ሳይኖር አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ወረደኝ። ልቤ ይመታል። ጾሙ ነው፣ ትንሽ ልታገሥ ብዬ መራመዴን ቀጠልኩ። ከዚያ መንገዱ ጠፋኝ። የማውቀው መንገድ! በየቀኑ የምሄድበት! መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት በትናንሽ መደብ ደርድረው የሚሸጡ እናት ነበሩ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው ወዲያው ገባቸው።

«ልጄ፣ ስኳር አለብሽ እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እህቴን እንዲሁ ያደርጋት ነበር» አሉና ከጎናቸው ካለው ሱቅ ስኳር አስመጥተው በጣሳ ውሃ በጠበጡልኝ። ጣሳው ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ነበር፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው ናቸው አፌ ላይ የያዙልኝ። «ጾም ላይ ነኝ እማማ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ያውቃል። ጠጪ።»

ጠጣሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ ተገለጠ። ሌላም ደገሙልኝና ልጃቸው እስከ ብሎካችን ሸኘኝ።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሲስተር ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አፍልቅ ብሎ የሚያዝ ክኒን ነው፤ በላችሁም አልበላችሁም ያዛል። ምግብ ከሌለ፣ እርምጃው ደግሞ ያለውን ስኳር ከወሰደ፣ የሚቀረው ምንድን ነው? ከ70 በታች መውረድ ይመጣል። በመርፌ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውም አደጋው ያው ነው። ጭራሽ እንቅስቃሴው ካለፈ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት ተኝታችሁም ሊወርድ ይችላል።

እባካችሁ ይህን ለቤተሰባችሁም ንገሩ። ምልክቶቹ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታ፣ መነጫነጭና ግራ መጋባት ናቸው። እንዲህ ሲሆን አትታገሡ፤ ቤት እስክትደርሱም አትጠብቁ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ውሰዱ፤ 15 ግራም ያህል ስኳር ማለት ነው። 15 ደቂቃ ጠብቁና ካልተሻላችሁ ድገሙ። ሲሻላችሁ ደግሞ ምግብ ብሉ፤ ስኳሩ ብቻውን አይበቃም። ሰውየው ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ሊያንቀው ይችላል። ወደ ጤና ተቋም አፋጥኑት። እኔ ዛሬ ከቤት ስወጣ የጃኬቴ ኪስ ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ ስኳር አለ። ስልክ ብረሳ እንጂ እሱን አልረሳም።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የግሊቤንክላማይዱን መጠን ቀነሰው። ወራት ቆይቶ ስኳሬ ሲስተካከል ጨርሶ አቆመልኝ። ልብ በሉ፤ ያቆመው እሱ ነው። ይህን አንብባችሁ ክኒናችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ አደራ። ጠይቁ ነው የምለው።

ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን አማከርኩ። የሚከብደኝ እሱ ነበርና። «መድኃኒትሽን ከምግብ ጋር በሰዓቱ ውሰጂ። ከፍስኩ ትጾሚያለሽ፤ ያ ይበቃሻል» አሉኝ። ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤቴም ስኳር አለባት፤ እሷ ከእኔ ቀድማ ነቅታለች። ረመዳን ሳይገባ ሐኪም ጋ ትሄዳለች፣ መጾም ትችል እንደሆነና እንዳልሆነ ይነግራታል፣ የመድኃኒቷንም ሰዓት ያስተካክልላታል። እርምጃዋን ከኢፍጣር በኋላ ታደርጋለች እንጂ ከማፍጠሪያ በፊት ባለው ሰዓት አትወጣም። በየትኛውም ሃይማኖት ብትጾሙ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው።

የጾም ምግብ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጾም ሲባል ቀላል ምግብ ይመስለናል። ማዕዱን ግን እዩት፦ እንጀራ፣ ድንች ወጥ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ በላዩ የስኳር ሻይ። ሁሉም ወደ ስኳር ነው የሚሄደው። የሚያድነን ያለን ጥራጥሬ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ፤ ሁሉም ፕሮቲንና አሰር አላቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት። እኔ ሳህኔን ገለበጥኩት። ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሰላጣው ግማሹን ይይዛል። ምስሩ ወይም ሽሮው ሩቡን። እንጀራው ሩቡን። ስበላም አትክልቱንና ምስሩን አስቀድማለሁ፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ። ያው ምግብ በዚህ ቅደም ተከተል ሲበላ ስኳር ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው። በመለኪያዬም አረጋግጬዋለሁ።

ዘይቱን በማንኪያ መለካት ጀመርኩ። ድሮ ከጀሪካኑ ነበር ቀጥታ ድስቱ ላይ የማንቆረቁረው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። የግማሽ ሰዓት እርምጃ የሚያቃጥለው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለካስ እየተራመድኩ ኪሎዬ አልነቃነቅ ያለው ለዚህ ነው! እርምጃ ስኳርን ያስተካክላል፣ ልብን ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ይሰጣል። ኪሎ የሚቀነሰው ግን በዋናነት ማዕድ ላይ ነው። ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ አቁላልታችሁ ዘይቱን ወደ ኋላ ጨምሩት፤ ቤተሰብ ሳያውቅ ይበላዋል።

በሶንም ላንሣ። ሯጯ ጎረቤቴ በሶዋን በጥብጣ ጠጥታ ትወጣለች። ገብስ ነው፣ ጥሩ ነው፤ እሷ ግን ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ሮጣ ነው የምትመለሰው። እኔ ያንኑ ብርጭቆ በማር ጠጥቼ ወንበር ላይ ብቀመጥ የሚሆነው ሌላ ነው። የአትሌትን ምግብ ያለ አትሌት ልምምድ አትቅዱ።

ፋሲካ አለፈና ሚዛን ላይ ስወጣ በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ጨምሬ አገኘሁ። እዚህ ጋ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ሰው አውቃለሁ። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነው። በሁለት ቀን ዶሮ ወጥ የሁለት ኪሎ ስብ መሥራት አይቻልም። የጨመረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ስኳርን በጡንቻና በጉበት ሲያከማች ለአንድ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል፤ የወጡ ጨውም ውሃ ያቆያል። ወደ ወትሮው ስመለስ በሳምንት ውስጥ ሄደ። በተቃራኒው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ፈጥኖ የሚወርደው ኪሎም ብዙው ውሃ ነውና «በሳምንት አምስት ኪሎ» የሚሉትን አትመኑ። ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ ይበቃል። ከእሱ ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል፤ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ወገቧ ከ80 በታች ይሁን ማለት ነው።

ሰኔ ላይ ኪሎዬ ቆመ። የቀነሰ ሰውነት የሚፈልገው ጉልበትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው ምግብና ያው እርምጃ እንደ መጀመሪያው አይሠራም። ሲስተር ያለችኝ ጡንቻ ጨምሪ ነው። ጂም አልሄድኩም። ብሎካችን ሊፍት የለውም፤ ውሃም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በሁለት እጄ አምስት አምስት ሊትር ጀሪካን ይዤ፣ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ ደረጃ እወጣለሁ። ሃያ ሊትሩን በአንድ ጎን መሸከም ወገብ ይጎዳል፤ ተዉት። ከወንበር ሳይደገፉ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን። ክረምቱን በዚህ ነው ያለፍኩት፤ የሰፈራችን ጭቃ ለእርምጃ አይሆንም።

ስለ እግራችሁ አንድ ነገር። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ጠጠር ቢገባ አይሰማውም። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱ። ማታ ማታ ጣቶቻችሁን መሐል ለመሐል እዩ። ትንሽ ቁስል ካያችሁ ቤት ውስጥ አታክሙት። ጫማው ሰፋ ያለ፣ ካልሲው ደረቅ ይሁን። ጎህ ሳይቀድ አትውጡ፤ በእኛ አካባቢ ጅብም ውሻም አለ። ሁለት ሦስት ሆኖ መውጣት ለሁሉም ይበጃል። እየሄዳችሁ ደረታችሁን ከተጫናችሁ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁና ካዞራችሁ ቁሙ፤ ሐኪም ሳያያችሁ እንደገና አትጀምሩ።

በዓመቱ የሦስት ወር የስኳር አማካዩን የሚያሳየውን ምርመራ (ውጤቱ በመቶኛ ነው የሚነገረው) ስሠራ ከ7 በመቶ በታች ሆነ። ሐኪሙ የያዘልኝ ግብ እሱ ነበር። ኪሎው ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ሳልራብ ነው የወረደው።

ያልጠበቅኩት ፈተና የሰው አፍ ነበር። «ከሳሽ፤ ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ? ደብቀሽን ነው?» ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ ታክሲ ተራ ላይ። እኛ ዘንድ መወፈር ድሎት፣ መክሳት ችግር ነው። በመጀመሪያ ያስከፋኝ ነበር። አሁን ግን በግልጽ እናገራለሁ፦ «ስኳር አለብኝ፣ እየተቆጣጠርኩት ነው፣ አንቺስ ተለክተሽ ታውቂያለሽ?» እንዲህ ጠይቄያቸው ሄደው ከተለኩት መሐል የተገኘባትም አለች። አሁን አብረን ነው የምንራመደው። ሰው ቤት ስሄድም «ጉርሻ አልችልም» ከማለት ከመጀመሪያው ሳህኔን ራሴ አነሣለሁ፤ ከጎመኑ ብዙ፣ ከእንጀራው ትንሽ። ማንም አይቀየምም።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ ሐኪማችሁን እነዚህን ሳትጠይቁ አትውጡ፦ የምወስደው ክኒን ስኳሬን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል? በምን ሰዓት ልውሰደው፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? በምራመድበት ቀን መጠኑ ይቀየራል? ልጾም ነው፣ ምን ላድርግ? ግፊቴ፣ ዓይኔና እግሬ መቼ ይታዩ? በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ገብታችሁ ስትቀመጡ ይረሳል። መልሱንም እዚያው ጻፉት፤ አብሯችሁ ለሚኖረው ሰው አሳዩት።